የደብረ ብርሃን ሥላሴ ንብና አበባዋ

በጥር ወር 1880 ዓ. ም. ሕዝባችን ድርቡሽ ብሎ የሚጠራው የመሐዲ ሠራዊት በአቡ አንጃ መሪነት ከምዕራብ ቆላ ወጥቶ፣ ደምቢያ ላይ ሳር ውሃ በተባለው ስፍራ የጎጃሙን ንጉሥ የተክለ ሃይማኖትን ጦር ድል አደረገ፤ ከዚያም ወደ ጎንደር ዘልቆ ከተማዋን ዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠለ። ከዚያ ቃጠሎ ከተረፉት ጥቂት አድባራት አንዱ አፄ ኢያሱ ቀዳማዊ የተከሉት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ስለምን ተረፈ ተብሎ ቢጠየቅ የጎንደር ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ንብ ጠበቀው ይላል። ጠላት ወደ ቅጥሩ በር በቀረበ ጊዜ ከግቢው ውስጥ የንብ መንጋ እንደ ደመና ተነሥቶ ሰውንም ከብቱንም እየነደፈ መለሰ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ከነሥዕሉ ዳነ።

ይህን ትውፊት ጸሐፊዎች በሁለት ዓይነት መንገድ ይዘውታል። አንዱ ተአምር ነው ብሎ ይቀበላል፤ ሌላው ተረት ነው ብሎ ያልፈዋል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ተአምሩን ለመመርመር ሥልጣን የለውም፤ እንዲያው ለማለፍም አልወደደም። ስለዚህ አንዲት ቀላል ጥያቄ ብቻ ያነሣል፤ ይኸውም፦ ንቢቱ በዚያ በጥር ወር ምን በልታ ኖረች? የሚል ነው። ጥያቄው ለጊዜው ቀልድ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የጎንደርን ደጋ የመሬት አያያዝ ታሪክ ለማወቅ ከሚረዱን መንገዶች አንዱ እርሱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ወሩ። በጎንደርና በአካባቢው ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ሁለተኛው አነስተኛ ቆረጣ በግንቦትና በሰኔ ይደረጋል። በጥር እርሻው ታጭዶ ምድሩ ደርቋል፤ ከግራዋና ከመሰሉት ጥቂት ዛፎች በቀር በሜዳ ላይ አበባ የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም ማሯ ያልተቆረጠባት፣ በግንብ ስንጥቅ ወይም በጣራ ሥር ለራሷ የሰፈረች ንብ በጥር ወር ጎተራዋ ሙሉ ነው። ንብ የሚያረቡ ሰዎች ሁሉ እንደሚያውቁት፣ ባዶ ቀፎ ይዛ የምትኖር ንብ በቀላሉ ትሸሻለች፤ ማር የሞላባት ግን እስከ ሞት ትዋጋለች። እንግዲህ ድርቡሽ የደረሰበት ወር የደብረ ብርሃን ንብ እጅግ ቁጡ የምትሆንበት ወር ነበር። በዚህ በኩል ትውፊቱ ከተፈጥሮ ጋር አይጣላም።

ሁለተኛው ነገር ግን ይበልጥ ያስደንቃል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያየ ሁሉ የሚያስታውሰው በቅጥሩ ውስጥ የቆሙትን ረጃጅም ጽዶች ነው። ጽድ ግን ለንብ ጣፋጭ ነገር አይሰጥም። የዱቄት አበባውን የሚያዛምተው ነፋስ ነው፤ ስለዚህ ንብን የሚያባብልበት ምንም የለውም። ወይራም ቢሆን አብዛኛውን ለነፋስ የሚተው ዛፍ ነው። ስለዚህ ግቢው ለንቢቱ ጥላ፣ ስንጥቅና ሰላም ሰጣት እንጂ ቀለብ አልሰጣትም። ቀለቧ ከቅጥሩ ውጭ ነበር፤ ንብ ለቀለቧ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ሲቸግራትም ከዚያ በላይ ትበራለችና። ቤተ ክርስቲያኑን የጠበቀችው ንብ በገበሬው ማሳ፣ በማሳው ድንበር፣ በጦም መሬትና በቁጥቋጦ የተቀለበች ናት። ዋናውም ጉዳያችን ይህ ነው።

ያን ቀለብ በወሩ ተራ ብንመለከተው እንዲህ ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም፣ አደይ አበባ ዳገቱን ታለብሰዋለች፤ በማሳ ድንበርና በስንዴው መካከል መች ያብባል። በጥቅምት ኑጉ ይፈነዳል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ኅዳር አጋማሽ ድረስ የደምቢያን ሜዳ ከአዘዞ ወዲያ ቁልቁል የተመለከተ ሰው ቢጫ ምንጣፍ የተነጠፈ ይመስለዋል። ጥቁር አዝሙድና ድንብላል በሚዘሩባቸው ስፍራዎችም ንብ አትጠፋም። በበጋ ግራዋ፣ በበልግ ብሳና ይተካል፤ በየአጥሩና በየገደላገደሉ አጋምና ቀጋ አለ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ንብ በሌላው ትቆያለች፤ ሁለት ሦስቱ ተከታትለው ቢጎድሉ ግን መንጋው ይመነምናል ወይም ጥሎ ይሄዳል።

ስለ ኑግ ጥቂት ዘርዘር አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ኑግ የአገራችን ተወላጅ የሆነ የቅባት እህል ነው፤ ከኢትዮጵያ ወደ ሕንድ ተሻግሮ እዚያም ከጥንት ጀምሮ ይዘራል። የደከመ መሬት አይንቅም፤ ውሃ የሚተኛበትንም ይችላል፤ ስለዚህ ገበሬው ብዙ ጊዜ ለጤፍና ለስንዴ የማይሆነውን ማሳ ይሰጠዋል። ነገር ግን አንድ ጠባይ አለው። አንድ የኑግ ተክል በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ ሊይዝ አይችልም፤ የግድ ከሌላ የኑግ ተክል የመጣ ዱቄት ያስፈልገዋል። ዱቄቱም የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ ብዙም አይረዳውም። አመላላሹ ንብና ሌላው በራሪ ነፍሳት ነው። ማሳውን በመረብ ሸፍነው ነፍሳትን የከለከሉ ተመራማሪዎች፣ ንብ ከገባበት ማሳ ጋር ሲያስተያዩት ፍሬው እጅግ አንሶ አግኝተውታል። አበባው አንድ ነው፤ ቢጫነቱም አንድ ነው፤ ሲወቃ ግን ልዩነቱ በቁና ይታወቃል።

ይህ የእርሻ ነገር ብቻ አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ምእመን በዓመት ውስጥ ከመቶ ሰማንያ የማያንስ ቀን ይጾማል። በጾም ቅቤ የለም፤ ወጡ የሚሠራው በኑግ ዘይት ነው፤ ኑግ ተቆልቶና ተወቅጦም ለፍትፍት ይሆናል። ስለዚህ የጎንደር ጾመኛ ሳያውቀው የንብ ባለ ዕዳ ሆኖ ኖሯል። ጧፉ ከሰም፣ የበዓሉ ጠጅ ከማር፣ የጾሙ ዘይት ከኑግ፤ ሦስቱም በአንዲት ነፍሳት ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ቅኔ ዐዋቂዎቻችን የምስጢርን አነጋገር ሰምና ወርቅ ብለው ሲሰይሙ ከአንጥረኛ ሥራ መውሰዳቸው የታወቀ ነው፤ አንጥረኛው ግን ሰሙን ከየት አመጣው ብሎ የጠየቀ የቅኔ መምህር እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ከተማዪቱ ታሪክ እንመለስ። ከጎንደር በፊት የነገሥታቱ መቀመጫ ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዘዋወር ነበር፤ በጣና ዙሪያ ብቻ እንኳ እንፍራንዝ፣ ጎርጎራና ደንቀዝ በተራ የመንግሥት መቀመጫ ሆነዋል። ለመዘዋወሩ ምክንያት ከሚባሉት አንዱ የማገዶና የቀለብ ማለቅ ነው። ከተማ አንድ ቦታ ሲሰነብት ዙሪያውን ይበላል፤ ሲነሣ ግን ምድሩ ያርፋል፤ ቁጥቋጦው ይመለሳል፤ አበባና ንብም አብረው ይመለሳሉ። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ. ም. ገደማ ጎንደርን ቆርቁረው ግንብ ሲያሠሩ ይህ ልማድ ተቋረጠ። ድንጋይ አይነሣም። ከዚያ ወዲያ ሁለት መቶ ዓመት ያህል አንድ ከተማ በአንድ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ከአንድ ዙሪያ ማገዶ ለቀመ።

በየካቲት 1762 ዓ. ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከተማዪቱ በሰላም ጊዜ አሥር ሺ ያህል ቤተሰብ እንደነበራት ጽፏል። አሥር ሺ ምድጃ በየቀኑ ሲነድ ማለት ነው። ያው ብሩስ ማርና ሰም፣ ቅቤና ቆዳ፣ የቀንድ ከብትም በብዛት ወደ ጎንደር የሚመጣው ከአገው ምድር እንደ ነበር ይነግረናል። ይህን ቃል ደጋግሜ ሳነበው የሚታየኝ ነገር አለ። የመናገሻ ከተማ ማርና ሰሟን ከጣና ማዶ ታስመጣ ከነበረ፣ በቅርቧ ያለው አልበቃትም ማለት ነው። ይህ የከተማው ሰው ብዛት ውጤት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አርባ አራት ናቸው የሚባሉት አድባራት የሚያነዱት ጧፍና ቤተ መንግሥቱ የሚያጠጣው ጠጅ ለየትኛውም ዙሪያ የሚከብድ ነውና። ይሁን እንጂ የከተማዪቱ ዳገቶች በማገዶ ተራቁተው የበጋው አበባ ቀንሶ ከሆነም አያስገርምም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ለከተማዪቱ መከራ፣ ለቁጥቋጦው ግን ዕረፍት ሳይሆን አልቀረም። በዘመነ መሳፍንት የነገሥታቱ ኃይል ደከመ፤ በ1859 ዓ. ም. አፄ ቴዎድሮስ ከተማዪቱን አቃጠሉ፤ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ድርቡሽ መጣ፤ ወዲያውም ከብቱን የፈጀው በሽታና ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ተከተለ። በሬ በሌለበት አገር ማረሻ አይሄድም። ጦም ያደረ ማሳ በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ መችና አደይ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ክትክታና አጋም ያበቅላል። እንግዲህ የሰው ታሪክ ጨለማ የሆነበት ዘመን የንብ ታሪክ ሊያብብ ይችላል። ነገሩን በደስታ አልጽፈውም፤ ነገር ግን እውነቱ እንዲህ ነው።

ብዙ ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ የደጋችን ታሪክ የደን መጥፋት ታሪክ ብቻ ነው ብሎ ያስባል፤ አያቶቻችን በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ እኛ ቆርጠን ጨረስነው ይባላል። ይህ አስተሳሰብ ዛሬ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ጥያቄ ተነሥቶበታል። እንግሊዞች በ1860 ዓ. ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ያነሧቸውን ፎቶግራፎች ከዛሬው መልክ ጋር ያስተያዩ ሊቃውንት፣ በሰሜኑ አገር ብዙ ስፍራ ያን ጊዜ ከዛሬ ይልቅ ተራቁቶ እንደነበር አሳይተዋል። ስለዚህ ነገሩ በአንድ ቃል የሚነገር አይደለም።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚያስረዳው ከጎንደር በስተደቡብ፣ በደቡብ ጎንደር፣ የተደረገው ምርመራ ነው። ኢጣሊያኖች አገራችንን በያዙበት ዘመን፣ በ1930 ዓ. ም.፣ ከአውሮፕላን ያነሧቸው ፎቶግራፎች ተገኝተው፣ የአሜሪካው የኮልጌት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2007 ዓ. ም. ሥዕል ጋር አስተያይተዋቸዋል። ይጠበቅ የነበረው የቤተ ክርስቲያን ደኖች ጠበው መገኘታቸው ነበር። የተገኘው ግን ሌላ ነው። ደኖቹ አብዛኞቹ በቦታቸው ቆይተዋል። የጠፋው በደኖቹ መካከል የነበረው ነው፤ ያ ቁጥቋጦ፣ ያ የተበታተነ ዛፍ፣ ደኑን ከማሳው ጋር ያገናኝ የነበረው ለስላሳ ዳር። ዛሬ ማረሻው እስከ ቅጥሩ ይደርሳል፤ ደኑም በእህል ባሕር ውስጥ እንዳለ ደሴት ሆኗል። በጎጃም በደምበጫ አቅራቢያ በአንጀኒ የተደረገው የገጠ ዘለቀና የሃንስ ሁርኒ ጥናትም ይህንኑ በቁጥር ያሳያል፤ በዚያ ስፍራ የሚታረሰው መሬት እ. ኤ. አ. በ1957 ከመቶ 39 እጅ የነበረው በ1995 ከመቶ 77 እጅ ደርሷል፤ የተፈጥሮው ደን ከመቶ 27 ወደ አንድ እጅ እንኳ ወደማይሞላ ወርዷል።

የቤተ ክርስቲያን ደን ምን ያህል ሀብት እንደያዘ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ያደረጉት ቆጠራ ይመሰክራል፤ 168 ዓይነት ዛፍና ቁጥቋጦ ተገኝቷል። እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው በብዙ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ አድርገዋል፤ ከብት እንዳይገባ፣ ችግኝ እንዲያድግ። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የደብረ ብርሃንን ጽዶች ያስታወሰ አንባቢ የሚቀጥለውን ሐሳብ ራሱ ይደርስበታል፤ ካቡ ዛፉን ያድናል፤ ንቢቱ ግን ከካቡ ውጭ ነው የምትበላው። ንቢቱ ከጠፋች ደግሞ በካቡ ውስጥ ያሉት ዋንዛና ብሳና፣ ቀጋና አጋም ያለ አመላላሽ ይቀራሉ።

ያ መካከለኛው መሬት እንዴት አለቀ? ምክንያቱ አንድ አይደለም። የሕዝቡ መብዛት ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ እርሱን አልደግመውም። በየካቲት 1967 ዓ. ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬውን ከባላባት ጭሰኝነት ሲያወጣው፣ ቤተ ክርስቲያንም የነበራትን ሰፊ መሬት አጥታ በቅጥሯ ተወሰነች። በ1989 ዓ. ም. በአማራ ክልል እንደገና መሬት ሲደለደል፣ ለጎጆ ወጪው ወጣት የሚሰጥ መሬት ሲታጣ፣ ወል የነበረው ዳገትና የግጦሽ ዳር ተሸንሽኖ ታረሰ። ድልድሉን የሚነቅፍ ካለ መሬት ያጣ ወጣት ምን ይሁን የሚለውን ይመልስ። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ በድልድሉ ጊዜ መሬት ለሰው ሲቆጠር፣ የማሳ ድንበር ባዶ መሬት ተብሎ ተቆጠረ። ባዶ አልነበረም።

ከማሳ ድንበር ጋር አብራ የተጎዳችው ጣዝማ ናት። ጣዝማ የማትናደፍ፣ በመሬት ውስጥ ጎጆዋን የምትሠራ ትንሽ ንብ ናት፤ ማሯ ለሳልና ለልዩ ልዩ ሕመም መድኃኒት ነው ተብሎ ከተራው ማር በብዙ እጥፍ ይሸጣል። መውጫ ቀዳዳዋ ከጣት አይሰፋም፤ ያገኛት ሰው ምድሩን ቆፍሮ ማሯን ሲወስድ መንጋው ያልቃል። በቀደመው ጊዜ ጦም ያደረው መሬት ያተርፋት ነበር፤ አሁን ጦም የሚያድር መሬት የለም። ከእርሷም ሌላ ስም ያላወጣንላቸው፣ ለየብቻቸው በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ብዙ የንብ ዓይነቶች አሉ፤ ማር ስለማይሰጡን ማንም አልቆጠራቸውም፤ ከአበባ ወደ አበባ በማመላለስ ግን ከማር ንብ የማያንስ ሥራ ይሠራሉ።

ባሕር ዛፍን በተመለከተ ፍርድ መስጠት ቀላል አይደለም። ዛፉ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ማገዶ ባለቀባት ጊዜ፣ በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ወደ አገራችን ገባ፤ ቀስ በቀስም ወደ ሰሜን ተስፋፋ። ዛሬ በወገራና በዳባት መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ከጎጆው አጠገብ የባሕር ዛፍ ሰልፍ የሌለው ገበሬ ብዙ አያገኝም። ከሥሩ ሣር አያበቅልም፤ ጉድጓድ ያደርቃል ተብሎ ይከሰሳል። ሆኖም አበባው ለንብ መልካም ነው፤ ብዙ ማርም ይገኝበታል። ስለዚህ ማር ቆራጩ ያመሰግነዋል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ባሕር ዛፍ ያብብ ዘንድ እስኪያረጅ የሚተወው ሰው ጥቂት ነው፤ ለአጣናና ለማገዶ የሚፈለገው ቀጭኑ ስለሆነ ሳያብብ ይቆረጣል። ደግሞም በሥሩ መችና አደይ፣ በዳሩ አጋም እንዲቆም አይፈቅድም። በአንድ ጊዜ አብዝቶ አብልቶ በሌላው ወር የሚያስርብ ጌታ ይመስላል።

የዛፍና የነፍሳት ባልንጀርነት ሁሉ በአንድ መልክ የሚጎዳ አይደለም። ለዚህም የሚያስረዳ ምሳሌ በዚያችው በጎንደር አለ። በቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለውን የአፄ ፋሲልን መዋኛ ያየ ሰው፣ የዋርካ ወገን የሆኑት ዛፎች ሥራቸውን በግንቡ ላይ እንደ እባብ ጥለው ድንጋዩን አቅፈውት ያገኛል። የዋርካና የሾላ ወገን ሁሉ አበባው ከፍሬው ውስጥ የተሸሸገ ነው። ወደዚያ የሚገባው ለየዓይነቱ የተለየች፣ ከጤፍ ቅንጣት እምብዛም የማትበልጥ ተርብ ብቻ ናት፤ በጠባቡ ቀዳዳ ስትገባ ክንፏ ይሰበራል፤ አበባውን አገናኝታ፣ ዕንቁላሏን ጥላ እዚያው ትሞታለች፤ ልጆቿ የአበባ ዱቄት ይዘው ወደ ሌላ ዛፍ ይሄዳሉ። በጥንታዊት ግብፅ ሾላ በብዛት ይተከል ነበር፤ ነገር ግን ተርቧ በዚያ ስላልነበረች ፍሬው ዘር አልያዘም፤ ገበሬዎቹ ፍሬው እንዲበስልላቸው በስለት ይጭሩት፣ ዛፉንም በቅርንጫፍ ብቻ ያራቡት ነበር። የነቢዩ የአሞጽ ሥራ ከሾላ ፍሬ ጋር የተያያዘ መሆኑን የምናነበው ቃል በብዙ ሊቃውንት ዘንድ ከዚህ ሥራ ጋር ይተረጎማል። በእኛ አገር ተርቧ ስላለች ይህ ድካም የለብንም። ይህችም ተርብ እንደ ደካማነቷ አይደለችም፤ የሾላዋ ተርብ በናሚብ በረሃ በነፋስ ተጭና እስከ 160 ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ ተመርምሯል። በየገበያውና በየደብሩ ዋርካ እስካለ ድረስ የቀሃው ዛፍ ባልንጀራውን የሚያጣ አይመስልም። ሕዝባችን ዋርካን ለሸንጎና ለዕርቅ ጥላ ብሎ ስለሚያከብረው መጥረቢያ አያበዛበትም፤ መችን ግን ማንም አያከብረውም።

ወደ ስሜን ተራሮች ብንወጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በደባርቅና በጃናሞራ በላይ ገብሱ ከዘመን ወደ ዘመን ዳገቱን እየወጣ አስታውንና ጓሳውን ገፍቷል። ፓርኩ እ. ኤ. አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ተርታ ተቆጠረ፤ በ2016 የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲወርዱ ከተደረገ በኋላ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ፤ በ2019 ደግሞ ብርቱ የሰደድ እሳት ጓሳውንና አስታውን በላ። በከፍታው ላይ የሚቆመው ጅብራ ብዙ ዓመት ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ አበባውን የሚጎበኙት ይልቁንም ትናንሽ ወፎች ናቸው። ስለዚህ ከጉዳያችን ጥቂት ይርቃል። ነገር ግን አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ እ. ኤ. አ. በ2011 የንብ ሊቃውንት የኢትዮጵያ ደጋ ንብ ከሌሎቹ የአፍሪካ ንቦች የተለየች ዘር መሆኗን ሲያስታውቁ የሰጧት የሊቃውንት ስም አፒስ መሊፈራ ሲመንሲስ የሚል ነው፤ ስሟ የስሜንን ተራራ ይጠራል። የደብረ ብርሃን ንብ እንግዲህ የራሷ ስም ያላት ያገር ተወላጅ ናት።

ወደ ማሳው እንመለስና በጉዳዩ ላይ የሚያሳስበውን የቅርብ ነገር እንናገር። በእነዚህ ባለፉት ዐሠርት ዓመታት በስንዴና በጤፍ ማሳ ላይ አረም የሚያደርቅ መድኃኒት መርጨት የተለመደ ሆኗል። ገበሬው አረም በእጁ ሲነቅል የሚደርስበትን ድካም ለሚያውቅ ሰው ይህን መንቀፍ አይቻልም። ብዙ ጊዜ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የሚባለው መድኃኒት እህሉን ትቶ ሰፊ ቅጠል ያለውን ብቻ ያደርቃል። ሰፊ ቅጠል ካለው አረም ዋነኛው ደግሞ መች ነው። መች የኑግ የቅርብ ዘመድ ነው፤ አበባውም ይመሳሰላል፤ በማሳው ውስጥ እንደ ጠላት ይቆጠራል። ነገር ግን ክረምቱን በረኃብ ያሳለፈችውን ንብ፣ ኑጉ ገና ሳያብብ፣ በመስከረም የሚያነሣት እርሱና አደይ ናቸው። በመስከረም የተቀለበ መንጋ በጥቅምት በብዙ ሺ ሠራተኛ ወደ ኑጉ ይወርዳል፤ በመስከረም የተራበ መንጋ ግን ኑጉ ባበበ ጊዜ ገና ልጆቹን ያሳድጋል። አበባው ይጠብቃል፤ ንቢቱ አትደርስም፤ ደርሳም ጥቂት ናት። ነፍሳትን ለመግደል የሚረጨው ሌላው መድኃኒት ደግሞ በአበባ ጊዜ ከተረጨ ንቢቱን ራሷን ይገድላታል፤ በየቀፎው ደጃፍ ወድቃ የምትገኘው እርሷ ናት።

መንግሥት ይህን አላየውም አይባልም። በ2002 ዓ. ም. የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 660፣ ወጥቷል። አዋጁ ግን ቀፎ ያለውን ሰው ያስባል፤ ቀፎ ሳይኖረው በንብ የሚኖረውን፣ ማለትም ኑግ ዘሪውን፣ አያውቀውም። በአገር ልማድ ንብና ማሳ ሁለት የተለያዩ ጌቶች አሏቸው። በጎረቤት ማሳ ላይ ከብቱ የገባ ሰው ይካሳል፤ ንቡ በጎረቤት አበባ ላይ የዋለ ሰው ግን አይከፍልም፤ አይከፈለውምም። ይህ ልማድ አበባው በሞላበት ዘመን ማንንም አልጎዳም፤ ዕዳውን የሚቆጥር አልነበረምና። ዛሬ ቀፎ ያለው ሰው ንቡ ሲያልቅበት ለሸንጎ ይከሳል፤ ቢያንስ የሞተችውን ንብ በእጁ ይዞ ያሳያል። በደምቢያ ሜዳ ኑግ የዘራው ገበሬ ግን የሚያሳየው ነገር የለውም። ማሳው እንደ ወትሮው በጥቅምት ቢጫ ለብሶ ነበር። በታኅሣሥ ወቅቶ ሲሰፍረው ይጎድልበታል፤ ያን ጊዜ ዝናቡ ቀድሞ ወጣ ይላል፤ ዘሩ አረጀ ይላል፤ ጎረቤቱ በሐምሌ በስንዴው ላይ የረጨውን አያስብም፤ ጎረቤቱም ቢሆን ስንዴውን ከአረም አዳነ እንጂ ኑግ አጠፋሁ ብሎ አያውቅም።